አምስቱ ቀጠሮዎችና የሕፃኑ ጆሮ

በምዕራብ ጎንደር ቆላ፣ አብርሃ ጅራ ላይ፣ የሰሊጥ አጨዳ ሲጀመር ከተማዋ በድምፅ ትሞላለች። ከደጋው የወረደው የቀን ሠራተኛ ሁካታ፣ የደላላው ጥሪ፣ የአይሱዙው ጥሩምባ፣ የትራክተሩ ጉርምርምታ፣ የወፍጮ ቤቱ ጩኸት አንድ ላይ ይደባለቃሉ። በዚህ ሁሉ መሀል እናት ጀርባ ላይ የታዘለ ሕፃን ሲያንቀላፋ ያየ ሰው «ምን ያለ ጨዋ ልጅ ነው!» ብሎ ያልፋል። አብዛኛውን ጊዜ እውነቱን ነው፤ ሕፃናት ጫጫታ ለምደው ይተኛሉ። አንዳንዴ ግን ልጁ የሚተኛው ጫጫታው ስለማይደርሰው ነው።

በኢትዮጵያ የክትባት መርሐ ግብር መሠረት አንድ ሕፃን፣ የተወለደበትን ቀን ሳንቆጥር፣ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንቱ፣ ከዚያም በ9 ወሩና በ15 ወሩ ከጤና ባለሙያ ፊት ይቀርባል። አምስት ቀጠሮ መሆኑ ነው። መርፌው ይሰጣል፣ ካርዱ ይሞላል፣ ቀጣዩ ቀን ይነገራል። ስለ ጆሮው የሚጠይቅ ግን ብዙ ጊዜ የለም፤ እናቲቱም ካልተጠየቀች አታነሣውም።

የመስማት ችግርን በጊዜ ስለ ማግኘት ሲወራ ቶሎ ወደ አእምሮ የሚመጣው የዘመናዊ ሆስፒታል መሣሪያ ነው። መሣሪያው ያስፈልጋል፤ ወደ እርሱም እንመጣለን። ሆኖም ከጎንደር በሳንጃ በኩል ቁልቁል በሚወረድበት፣ ክረምት ሲገባ ዋልካው መኪና በሚይዝበት አገር፣ ልጁን መጀመሪያ የሚያገኘው መሣሪያ ሳይሆን ሰው ነው። አምስቱ የክትባት ቀናት ደግሞ አንድ ሕፃን በመስማት ረገድ ደረጃ በደረጃ ሊያሳያቸው ከሚገቡ ለውጦች ጋር በጣም ይቀራረባሉ። የዚህ ምዕራፍ ሐሳብ ከዚህ ይነሣል፤ ክትባቱ በሚሰጥበት ወንበር ላይ ጆሮም ሊጠየቅ ይችላል።

ማንም የማያየው ጉዳት

ከ1,000 ሕፃናት ከ1 እስከ 3 የሚሆኑት ከባድ የመስማት ችግር ይዘው እንደሚወለዱ የተወለዱ ሕፃናትን ሁሉ የሚመረምሩ አገሮች ልምድ ያሳያል። ከተወለዱ በኋላ በበሽታ፣ በመድኃኒት ወይም በጆሮ መምገል ምክንያት መስማት የሚያጡት በዚህ ላይ ይደመራሉ።

እንዲህ ያለው ሕፃን ከእኩዮቹ ተለይቶ አይታይም። ይጠባል፣ ያለቅሳል፣ ሲያጫውቱት ይስቃል። በመጀመሪያዎቹ ወራት «አጉ፣ አጉ» ማለቱም አይቀርም፤ ይህን ለማለት መስማት አያስፈልግም። ልዩነቱ የሚገለጠው ከ6 ወር በኋላ ነው። የሚሰማው ልጅ «ባባባ፣ ማማማ» እያለ ፊደል የሚመስል ድምፅ መደርደር ሲጀምር፣ የማይሰማው ወደኋላ ይቀራል። ያኔም ቢሆን ለወላጅ ዓይን የሚገባ ነገር አይደለም። ልጁ ዓይነ ፈጣን ይሆናል፤ የእናቱን ፊት፣ የእጇን እንቅስቃሴ፣ የጥላዋን መምጣት እያየ ይረዳል። ነጠላዋን ስታነሣ መሄዷን ያውቃል። «ና እንሂድ» ስትለው ሲከተላት የሰማ ይመስላታል።

ዓመት ተኩል ሆኖት አፉን ሳይፈታ ሲቀር መጽናኛው ብዙ ነው። አያት «አባቱም ዘግይቶ ነው የተናገረው፣ ተይው» ትላለች። ጎረቤት «ወንድ ልጅ አፉን ቶሎ አይፈታም» ይላል። ሌላው ምላሱ ታስሮ ነው ብሎ ይገምታል። በ3 ዓመቱ «እልኸኛ ነው፣ አይታዘዝም» ይባላል፤ ይቆጡታል፣ አንዳንዴም ይመቱታል። ወላጆች ወደ ሐኪም የሚሮጡት ልጁ አለመናገሩ ሲያስጨንቃቸው ነው፤ ያን ጊዜ ግን ያለፈው ዓመት እንደ ዋዛ የሚታይ ዓመት አይደለም።

ከፊል የመስማት ችግር ደግሞ ይበልጥ ያታልላል። በተለይ ቀጭን ድምፆች ብቻ የጠፉበት ልጅ ከበሮውን ይሰማል፣ ውሻ ሲጮኽ ይዞራል፣ ስሙን በጎላ ድምፅ ሲጠሩት «አቤት» ይላል። የማይሰማው ስ፣ ሽ፣ ች፣ ፍ የመሳሰሉትን ነው። በአማርኛ እነዚህ ድምፆች ትልቅ ሸክም ተሸክመዋል። «መጣ» እና «መጣች»፣ «በልተሃል» እና «በልተሻል» የሚለዩት በእነርሱ ነው። ይህ ልጅ ይናገራል፤ ንግግሩ ግን ጫፍ ጫፉ የተቆረጠ ይሆናል፣ ትምህርት ቤት ሲገባም ሰነፍ ይባላል።

የሰሊጥ ቀን

ሰሊጥ አምራች ከማንም በላይ የሚያውቀው ነገር አለ። እሸቱ ደርሶ ቀኑ ካለፈ ፍሬው ራሱ ተከፍቶ ይረግፋል፤ ስለዚህ አጫጅ በጊዜ ካልተገኘ የዓመት ልፋት መሬት ላይ ይቀራል። የሕፃን አእምሮም ቋንቋን የሚቀበልበት እንዲህ ያለ ወቅት አለው። በድምፅ በኩል የሚሠራው የአንጎል ክፍል በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚደርሰውን እየተመገበ ይደራጃል፤ የሚደርሰው ነገር ከሌለ ለሌላ ሥራ ይውላል። በ5 ዓመቱ ማዳመጫ የተገጠመለት ልጅ ድምፅ ሊደርሰው ይችላል፣ ድምፁን ወደ ትርጉም መቀየሩ ግን እጅግ ይከብደዋል።

ለዚህ በማስረጃነት በብዛት የሚጠቀሰው በአሜሪካ ኮሎራዶ ክፍለ ግዛት የተሠራው ጥናት ነው። ክርስቲን ዮሺናጋ ኢታኖና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት ሥራ 150 የመስማት ችግር ያለባቸውን ሕፃናት አነጻጸሩ። 72ቱ ችግራቸው የታወቀው 6 ወር ሳይሞላቸው ነበር፤ 78ቱ ከዚያ በኋላ ተደርሶባቸዋል። ቀድመው የታወቁት በቋንቋ ችሎታቸው በግልጽ በልጠው ተገኙ። ጾታቸው፣ የወላጆቻቸው ኑሮ፣ የችግሩ ክብደት፣ በምልክት ቋንቋ ወይም በንግግር መጠቀማቸው ውጤቱን አልቀየረውም።

ከዚህ ዓይነት ማስረጃ የተነሣ ዛሬ ብዙ አገሮች የሚመሩበት ቀመር 1፣ 3፣ 6 የሚል ነው። ሕፃኑ በ1 ወሩ ይፈተሻል፣ የተጠረጠረው በ3 ወሩ በሚገባ ይመረመራል፣ ችግሩ የተረጋገጠው ደግሞ 6 ወር ሳይሞላው እርዳታ ይጀመርለታል። ለአብርሃ ጅራ ይህ ቀመር ዛሬውኑ የሚደረስበት ላይሆን ይችላል። በ3 ዓመት ይታወቅ የነበረውን ችግር በ9 ወር ማወቅ ግን ይቻላል፤ ልዩነቱም ለልጁ የቋንቋ ዘመኑ ነው።

ቆላው በጆሮ ላይ

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ግምት በልጆች ላይ ከሚደርሰው የመስማት ችግር 60 በመቶው ሊከላከሉት የሚቻል ነው። ትልቁን ድርሻ፣ 31 በመቶውን፣ የሚይዙት እንደ ኩፍኝ፣ ማጅራት ገትርና የቆየ የጆሮ መምገል ያሉ ኢንፌክሽኖች ናቸው። ከወሊድ ጋር የተያያዙ ችግሮች 17 በመቶ፣ ጆሮ የሚጎዱ መድኃኒቶች ደግሞ 4 በመቶ ይሆናሉ። በምዕራብ ጎንደር ቆላ እነዚህ ሁሉ ይገኛሉ።

ከወሊዱ እንጀምር። በጨቅላነት የሚመጣ የዓይንና የቆዳ ቢጫነት ሲበረታ የመስማት ነርቭን ይጎዳል። ጉዳቱን ማስቀረት የሚቻለው ቢጫነቱ ቶሎ ታይቶ ሕክምና ሲያገኝ ነው። ነገር ግን በብዙ የክርስቲያን ቤት አራስና ልጅ ክርስትና እስኪነሡ፣ ወንድ 40 ሴት 80 ቀን፣ ከደጅ አይወጡም፤ ቤቱም ነፋስና ብርሃን እንዳይገባ ይጋረዳል። በደብዛዛ ቤት ውስጥ ቢጫ ዓይን አይታይም። መፍትሔው ልማዱን መጣላት አይደለም። በመጀመሪያው ሳምንት በየቀኑ ሕፃኑን ለጥቂት ደቂቃ ወደ መስኮት ጠጋ አድርጎ የዓይኑን ነጭ ማየት ይበቃል። ቢጫ ከሆነ ያው ዕለት ወደ ጤና ጣቢያ ነው።

ቀጥሎ መርፌው አለ። እ.ኤ.አ. በ2013 በአገሪቱ የተጀመረው ማኅበረሰብ አቀፍ የጨቅላ ሕፃናት እንክብካቤ፣ በጽኑ የታመመ ጨቅላ ወደ ላይኛው ተቋም መሄድ ሳይችል ሲቀር፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የጄንታማይሲን መርፌና አሞክሲሲሊን ለ7 ቀን እንድትሰጥ አስችሏል። ይህ የሕፃናትን ነፍስ የሚያድን እርምጃ ነው። ጄንታማይሲን ታዲያ በውስጠኛው ጆሮ ያሉትን የድምፅ ተቀባይ ሕዋሳት የመጉዳት ባሕርይ አለው። እነዚህ ሕዋሳት በእያንዳንዱ ጆሮ 15,000 ገደማ ብቻ ናቸው፤ ከሞቱም አይተኩም። መድኃኒቱ መጀመሪያ የሚነካው ቀጭን ድምፅ የሚቀበሉትን ነው። በትክክለኛ ክብደትና በተወሰነ ቀን ሲሰጥ አደጋው ትንሽ ነው። ቀኑ ሲራዘም፣ ኩላሊት ሲደክም ወይም ሕፃኑ ያለ ጊዜው የተወለደ ሲሆን ይጨምራል። ከእናት በሚወረስ አንድ የዘረ መል ለውጥ ምክንያት ደግሞ በተለመደው መጠን እንኳ የሚጎዱ ሰዎች አሉ። ስለዚህ «በእናትሽ ወገን መርፌ ከተወጋ በኋላ መስማት ያቆመ ሰው አለ ወይ?» የሚለው ጥያቄ ከመርፌው በፊት መምጣት አለበት።

በዚህ አካባቢ ሌላም መርፌ አለ፤ የካላዛር። በሽታውን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ በዋልካው ስንጥቅና በግራር ሥር ትኖራለች። ሰሊጥ ለማጨድ የወረደ የደጋ ሰው ሜዳ ላይ ሲያድር ትነክሰዋለች። እ.ኤ.አ. በ2005 በሊቦ ከምከም የተቀሰቀሰው ወረርሽኝ ከመተማና ከሑመራ ቆላ ከተመለሱ ሠራተኞች ጋር የተያያዘ እንደሆነ ይታመናል፤ ከታመሙትም መካከል ልጆች ነበሩ። ለዓመታት የታወቀው ሕክምና ሁለት መርፌ አጣምሮ ለ17 ቀን የሚሰጥ ነው። አንዱ ፓሮሞማይሲን ይባላል፤ የጄንታማይሲን ዘመድ ነው። በሕንድ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ሰፊ ጥናት በመድኃኒቱ ምክንያት የመስማት ለውጥ የታየባቸው 2 በመቶ እንደሆኑ፣ ለውጡም ጊዜያዊ እንደነበረ አሳይቷል። ያልታከመ ካላዛር ደግሞ ይገድላል። ከዚህ የሚወጣው ትምህርት መርፌውን መፍራት አይደለም፤ መርፌውን የጨረሰ ሕፃን ወይም ልጅ መስማቱ እንዲታይለት ማድረግ ነው።

ወባንም መዘንጋት አይገባም። ኩዊኒን የወሰደ ሰው ብዙ ጊዜ ጆሮው ጭው ማለቱን ያስታውሳል፤ ያ ስሜት ብዙውን ጊዜ መድኃኒቱ ሲቆም ይለቃል። ዛሬ ለከባድ ወባ በቅድሚያ የሚሰጠው አርቴሱኔት ነው። ወደ አንጎል የወጣ ወባ ግን ራሱ በአንዳንድ ልጆች ላይ የመስማት ጉዳት ትቶ ይሄዳል።

ማጅራት ገትር ከሁሉም የከፋው ነው። ከበሽታው በኋላ የውስጠኛው ጆሮ ክፍት ቦታ በጥቂት ሳምንታትና ወራት ውስጥ ወደ አጥንትነት ሊለወጥ ይችላል፤ ያን ጊዜ በቀዶ ጥገና የሚገባ የመስሚያ መሣሪያ እንኳ ቦታ አያገኝም። ከማጅራት ገትር የተነሣ ልጅ በ4 ሳምንት ውስጥ መስማቱ መመርመር አለበት የሚባለው ለዚህ ነው። ኢትዮጵያ በማጅራት ገትር ቀበቶ ውስጥ ናት። ከ2013 እስከ 2015 እ.ኤ.አ. በዘመቻ የተሰጠው ክትባት፣ በ2007 የገባው ፔንታቫለንትና በ2011 የገባው የኒሞኮካል ክትባት፣ በ9 እና በ15 ወር የሚሰጠውም የኩፍኝ ክትባት ሁሉም የጆሮ ክትባቶች ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በየቀጠሮው የሚጠየቀው

በ6 ሳምንት፦ ወንድ ልጅ ክርስትና ከተነሣ ገና ሁለት ቀኑ ነው። የጤና ባለሙያዋ የምትጠይቀው ያለፈውን ነው። ሲወለድ ወዲያው አለቀሰ? ክብደቱ ከ1,500 ግራም በታች ነበር? ዓይኑ ቢጫ ሆኖ ሕክምና ወስዷል? መርፌ ስንት ቀን ተወጋ? ከቤተሰብ በልጅነቱ የማይሰማ አለ? የአንዱ እንኳ መልስ አሳሳቢ ከሆነ ካርዱ ላይ ምልክት ይደረጋል፤ ይህ ልጅ ደኅና ቢመስልም የመስማት ምርመራ ይገባዋል።

በ10 ሳምንት፦ በድንገተኛ ድምፅ ይደነግጣል ወይ? ሲያለቅስ ሳይነኩትና ሳያዩት ድምፅ ብቻ ሲሰማ ዝም ይላል ወይ?

በ14 ሳምንት፦ የእናቱን ድምፅ ሲሰማ፣ ፊቷን ሳያይ፣ ጸጥ ብሎ ያዳምጣል ወይ? ዓይኑን ወደ ድምፁ ማንቀሳቀስ ጀምሯል?

በ9 ወር፦ ይህ ቀጠሮ ትልቁ ነው። ስሙን ሲጠሩት ይዞራል? ከኋላው በቀስታ ሲያወሩ ወደ ድምፁ ያያል? «ባባባ፣ ዳዳዳ» ይላል? በዚህ ዕድሜ ፊደል የሚመስል ድምፅ ጨርሶ የማያወጣ ልጅ ሳይዘገይ ወደ ሪፈራል ሆስፒታል መላክ አለበት።

በ15 ወር፦ «አባትህ የታለ?» ሲባል በምልክት ሳይታገዝ ያያል? ሁለት ሦስት ቃል አለው? የነበረው ቃል ጠፍቶበታል?

ከጥያቄዎቹ ሁሉ ክብደት ሊሰጠው የሚገባው የመጨረሻው ነው፤ እናቲቱን «አንቺስ ይሰማል ብለሽ ታምኛለሽ?» ማለት። ልጇ እንደማይሰማ የጠረጠረች እናት ብዙ ጊዜ ልክ ትሆናለች። «አይዞሽ፣ ሲያድግ ይተወዋል» ተብላ መመለስ የለባትም።

ሲኒና ማንኪያ

ብዙ ቤተሰብ ራሱ ይሞክራል። ከኋላው ያጨበጭባሉ፣ በር በኃይል ይዘጋሉ፣ ትሪ ይጥላሉ። ልጁ ይዞራል፤ ቤተሰቡም «ይሰማል!» ብሎ ያርፋል። የዞረው ግን የጭብጨባው ነፋስ አንገቱን ነክቶት፣ የበሩ ንዝረት በመደቡ በኩል ደርሶት ወይም የእህቱን ዓይን ተከትሎ ሊሆን ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ1944 በእንግሊዝ ማንችስተር አይሪን ኢዊንግና አሌክሳንደር ኢዊንግ ያስተዋወቁት ፍተሻ ይህን ስሕተት የሚያስቀር ነው። ለዐሥርት ዓመታት በእንግሊዝ ጤና ጣቢያዎች ሲሠራበት ቆይቷል። ከ7 ወር አካባቢ ጀምሮ፣ መቀመጥ ለሚችል ልጅ ይሆናል። ሁለት ሰው ያስፈልገዋል፣ ጸጥ ያለ ክፍልም። እናት ልጁን ጭኗ ላይ ታስቀምጠዋለች። አንዱ ሰው ከፊት ተቀምጦ በትንሽ አሻንጉሊት የልጁን ዓይን ይይዛል፤ ከዚያ አሻንጉሊቱን ደብቆ ዝም ይላል። በዚያች ቅጽበት ሁለተኛው ሰው ከኋላና ከጎን፣ አንድ ሜትር ያህል ርቆ፣ በጆሮው ቁመት ልክ፣ ቀስ ያለ ድምፅ ያሰማል። ጥላው ልጁ ፊት ላይ መውደቅ የለበትም፤ ሽቶ መቀባት፣ ወለሉን በኃይል መርገጥም አይገባም።

ድምፁ ከየቤቱ የሚገኝ ነው። የሲኒን ከንፈር በማንኪያ በስሱ ማሻሸት፣ ቀጭን ወረቀት ማንኮሻኮሽ፣ «ስ… ስ… ስ» ማለት ለቀጭኑ ድምፅ ነው። በለሆሳስ «ኡ… ኡ… ኡ» ማለት ለወፍራሙ ነው። በቀኝም በግራም ይሞከራል። የሚሰማ ልጅ ወደ ድምፁ አቅጣጫ ይዞራል። ሲኒውን በኃይል መምታት ፍተሻውን ያበላሸዋል፤ ዓላማው ትንሹን ድምፅ መስማቱን ማወቅ ነው።

ይህ ፍተሻ ወሰን አለው። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ በመሣሪያ ወደሚደረግ የጨቅላ ምርመራ የተሸጋገረችው ብዙ ልጆች በሲኒና ማንኪያው እያለፉ ስለተገኙ ነው። ያልዞረ ልጅ ምርመራ ያስፈልገዋል ማለት ይቻላል፤ የዞረ ልጅ በሙሉ ይሰማል ማለት ግን አይቻልም።

ጆሮ ሲመግል

በልጅነት የሚመግል ጆሮ እንደ ንፍጥ ቀላል ተደርጎ ይታያል። ዘይት፣ የቅጠል ጭማቂ፣ የእናት ጡት ወተት ይንጠባጠብበታል፤ ጥጥ ይወተፍበታል። ድሮ ከመስቀል ጋር በማተብ ይንጠለጠል የነበረው የብር ኩክ ማውጫ ዛሬ በክብሪት እንጨትና በጸጉር ሽቦ ተተክቷል። እነዚህ ሁሉ ጆሮውን ሊጎዱ፣ ኢንፌክሽኑንም ሊያባብሱ ይችላሉ።

በጤና ኬላና በጤና ጣቢያ የሚሠራበት የሕፃናት ሕመሞች የተቀናጀ ሕክምና ግልጽ ነው። መግሉ 14 ቀን ካልሞላው የሚዋጥ አንቲባዮቲክ ይሰጣል። 14 ቀንና ከዚያ በላይ ከሆነው ዋናው ሕክምና ማድረቅ ነው። ንጹሕና ውሃ የሚመጥ ጨርቅ ወይም ጠንከር ያለ ለስላሳ ወረቀት እንደ ጧፍ ይጠቀለላል። ጆሮው ውስጥ ይገባል፣ ሲርስ ይወጣል፣ በአዲስ ይተካል፤ ደርቆ እስኪወጣ ድረስ እንዲህ ይደጋገማል። ከዚያ በኋላ ነው ጠብታው የሚገባው። በቀን 3 ጊዜ፣ ለ2 ሳምንት። ሥራው አሰልቺ ነው፤ ብዙ እናቶች የሚተዉት በሦስተኛው ቀን መግሉ ሲቀንስ ነው፣ ተመልሶ የሚመጣውም ያኔ ነው። ከጆሮው ጀርባ አብጦ ሲነኩት የሚያም ከሆነ ግን በቤት የሚጠበቅ ነገር የለም፤ ያው ዕለት ሆስፒታል መድረስ አለበት።

መሣሪያው ዘንድ

ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ወይም ወደ አዲስ አበባ የተላከ ሕፃን የሚጠብቁት ምርመራዎች አያምሙም። አንደኛው እንግሊዛዊው ዴቪድ ኬምፕ እ.ኤ.አ. በ1978 ይፋ ባደረገው ግኝት ላይ ይቆማል። ጤነኛ ውስጠኛ ጆሮ ድምፅ ሲደርሰው እርሱም በጣም ትንሽ ድምፅ መልሶ ያወጣል። ትንሽ መሰኪያ ጆሮው ውስጥ ይገባና ያ መልስ ይለካል፤ ጥቂት ደቂቃ ቢወስድ ነው። ሁለተኛው ልጁ ተኝቶ ሳለ በግንባሩና በጆሮው ጀርባ በሚለጠፉ ሽቦዎች የነርቩን ምላሽ ይመዘግባል። በቢጫነት የተጎዳ ሕፃን በመጀመሪያው ምርመራ አልፎ በሁለተኛው ሊወድቅ ስለሚችል ለእርሱ ሁለተኛው ግድ ነው።

ችግሩ ከተረጋገጠ በኋላ የሚመጣው በምክንያቱ ይወሰናል። የተበሳ ታምቡር ይጠገናል፤ ከታምቡር ጀርባ የቆየ ውሃ ይወጣል፤ የውስጥ ጆሮ ጉዳት ላለበት ማዳመጫ ይገጠማል። ስለ ማዳመጫ ቀድሞ መታወቅ ያለበት የጆሮው ልክ መያዣ በሕፃንነት በየጥቂት ወሩ መቀየር እንዳለበት ነው፤ ጆሮ ያድጋልና። ካልተቀየረ ይፏጫል፣ ልጁም አውጥቶ ይጥለዋል። የቆላው ላብና አቧራም ጠላቱ ነው፤ ማታ ማታ ተጠርጎ በደረቅ ዕቃ ማደር አለበት። ባትሪ ማግኘት ሌላው ፈተና ነው። በቦትስዋና ኦትሴ በምትባል መንደር መስማት የተሳናቸው ሠራተኞች የማዳመጫ ባትሪን በፀሐይ ኃይል የሚሞላ መሣሪያ መሥራታቸው ለእንዲህ ያለ አገር የታሰበ መፍትሔ ነው፤ ፀሐይ ደግሞ አብርሃ ጅራ ላይ አልጠፋችም።

ወረፋ ሲጠበቅ

ከሪፈር ወረቀቱ እስከ ምርመራው ወራት ሊያልፉ ይችላሉ። እነዚያ ወራት ባዶ መሆን የለባቸውም። በአሜሪካ በተሰበሰበ መረጃ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት መስማት የተሳናቸው ልጆች የሚወለዱት ከሚሰሙ ወላጆች ነው። ስለዚህ ቤቱ ለእንዲህ ያለ ልጅ ዝግጁ ሆኖ አይቆይም። ወላጆች ዛሬውኑ የሚጀምሩት ነገር አለ፤ ፊታቸው ብርሃን ላይ ሆኖ፣ በልጁ ዓይን ቁመት ዝቅ ብለው መናገር፣ የሚያሳዩትን ነገር በእጅ እያመለከቱ መጥራት፣ ለውሃ፣ ለእንጀራ፣ ለእንቅልፍ፣ ለሕመም ሁልጊዜ አንድ ዓይነት የእጅ ምልክት መጠቀም። የእጅ ምልክት ልጁን ከመናገር ያሰንፈዋል የሚለው ስጋት መሠረት የለውም። በካናዳ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1991 የታተመ ጥናት መስማት ከተሳናቸው ወላጆች የተወለዱ የማይሰሙ ሕፃናት በእጃቸው «ባባባ» እንደሚሉ፣ ማለትም የምልክት ክፍለ ድምፅ እየደጋገሙ እንደሚጫወቱ አሳይቷል። አእምሮ የሚፈልገው ቋንቋን ነው፤ በጆሮም በዓይንም ቢገባ ይቀበለዋል።

በኢትዮጵያ ይህ መንገድ የተጠረገ ነው። የአዲስ አበባዎቹ የመካኒሳና የአልፋ ትምህርት ቤቶች፣ የሆሳዕናውም መስማት የተሳናቸው ትምህርት ቤት ለዐሥርት ዓመታት በምልክት ቋንቋ አስተምረዋል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2008 የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋን በዲግሪ ማስተማር ጀምሯል። የጣት ፊደሉም የራሳችንን ፊደል ይከተላል፤ ለየፊደሉ አንድ የእጅ ቅርጽ አለ፣ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያሉት ሰባቱ ድምፆች ደግሞ በእጁ እንቅስቃሴ ይለያሉ።

ሪፈር የምትጽፈው ባለሙያ በበኩሏ «መስማት አጠራጣሪ» ብላ ብቻ ብታልፍ ሐኪሙ ከዜሮ ይጀምራል። የልደት ክብደት፣ የቢጫነት ሕክምና፣ የተሰጡ መርፌዎች ስምና የቀናት ብዛት፣ ማጅራት ገትር ወይም ከባድ ወባ የታመመበት ወር፣ በሲኒና ማንኪያው በየትኛው ጎን እንዳልዞረ በወረቀቱ ላይ ሲሰፍር፣ ጎንደር ያለው ሐኪም የትኛውን ምርመራ እንደሚያስቀድም ያውቃል። ከሩቅ የመጣችውም እናት ለሌላ ቀጠሮ ደግማ እንዳትመላለስ ምርመራዎቹን በአንድ ጉዞ ሊያጠቃልልላት ይችላል።